ድንኳኑን የቆለፍኩበት ሳምንት

ቂም ይከብዳል የሚሉ ሰዎች ቂም ይዘው የማያውቁ ናቸው። እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ይዤው ዞሬያለሁ፤ ምንም አይከብድም። ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳኝ እሱ ነበር። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ሳስገባ እጄን የሚያጸናልኝም እሱ ነበር። ሳቄ እንኳ አልቀነሰም። ደንበኞቼ «አንቺ ዘንድሮስ አምሮብሻል!» ይሉኝ ነበር። ከጀመርኩ አይቀር እውነቱን ልጻፈው ብዬ ነው።

የምኖረው ሰበታ ነው፣ ከጅማው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ሥራዬ ስፌት ነው። የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ሽርጥ እሰፋለሁ። ወፍራም ነገር የሚችል አሮጌ የእግር መኪና ስላለኝ ደግሞ የሰፈራችን እድር ድንኳን በተቀደደ ቁጥር እኔ ቤት ነው የሚመጣው። ይህን ድንኳን ልብ በሉልኝ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ይኖራል። እናታችን ስታርፍ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርና ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ጦርነቱ ሲነሳ ወደ ሰሜን ዘመተ። የሽኝቱ ቀን ማይክሮፎን ይዞ ከሁሉም በላይ የጮኸው የአጥር ጎረቤታችን ነው። ሰውየው ብሎኬት ያስመርታል፣ የእድራችንም ሰብሳቢ ነው። የወንድሜ አንገት ላይ አበባ አጠለቀና «እህትህን ለኛ ተዋት! አንተ ብቻ ሂድ!» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ። የራሱን ልጅ በዚያው ሳምንት ሐዋሳ አክስቱ ጋ ልኮት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ወንድሜ ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ። እጁም እግሩም ሙሉ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ዳቦና ለስላሳ እየያዘ ገባ፤ «እንኳን ደስ ያለሽ! እይው እስቲ፣ ጭረት እንኳ የለበትም!» አሉኝ። እውነትም ጭረት አልነበረበትም። እኔም አገላብጬ አይቼው አልነበረበትም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ባጃጅ ከበራችን ፊት ለፊት ጧ! ብላ ጭስ ተፋች። ዞር ስል ወንድሜ የለም። አልጋ ስር ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል። ጀርባውን ለግድግዳ ካልሰጠ አይበላም። ግቢውን በቀን ሦስት ጊዜ ይጠርጋል። «ምነው ጸዳ እኮ» ስለው «አፈሩ የተነካ መሆን አለመሆኑን ላይ ብዬ ነው» ይለኛል። ፈንጂ የተቀበረ እየመሰለው ነው፤ የቆምኩበትን መሬት ያን ቀን ፈራሁት።

የስፌት መኪናዬን ግን ለመደው። እንዴት እንደለመደው ልንገራችሁ። መጀመሪያ ላይ ፔዳሉን ስረግጥ ይሸሽ ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ልትጀምሪ ስትይ ንገሪኝ። ድምፁ አይደለም የሚገለኝ፤ ሳላውቀው መምጣቱ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እግሬን ሳላነሳ «ጀመርኩ» እላለሁ። እሱም «እሺ» ይላል። በቀን መቶ ጊዜ ይሁን ሁለት መቶ ጊዜ፣ ጀመርኩ፣ እሺ፣ ጀመርኩ፣ እሺ። ደንበኛ የሚመጣ ጊዜ እንደ እብድ ያየን ነበር።

አንድ አጎታችን ሱሉልታ ያላለቀ ቤት እንዲጠብቅ ሥራ አገኘለት። ብርድ ልብስ ሰጥቼ ሸኘሁት። ከዚያ ቤት ጀርባ ድንጋይ የሚያወጡበት ገደል እንዳለ ማንም አልነገረንም። በአራተኛው ቀን ደማሚት ፈነዳ። ወንድሜ እንጦጦን በእግሩ ወርዶ፣ ከተማውን በእግሩ አቋርጦ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ሰበታ ገባ። ለምን በእጁ እንደያዘው እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ ከግቢያችን በር መውጣት ተወ። እኔ ደግሞ በዚያ ዓመት ከፈጣሪ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ልጅ ያን በር ተሻግሮ ሰው መሃል እንዲቆም።

ከሰው ሁሉ የሚያወራው ከአንድ አሮጊት ጋር ነበር። የሰብሳቢው እናት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አዮ ይላቸዋል፣ እማማ እንደማለት። አማርኛ ሲያሻቸው ነው የሚናገሩት። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። አዮ ማንም ሳይነግራቸው ነገሩ ገብቷቸዋል። ገና ከቤታቸው ሲወጡ ከሩቅ «ኢልመ ኮ፣ እኔ ነኝ!» ይሉታል። ልጄ፣ ማለታቸው ነው። ከዚያ «አከም ቡልቴ?» ብለው አዳሩን ይጠይቁታል፣ እሱም «ናጋ፣ አዮ» ብሎ ደህንነቱን ይነግራቸዋል፣ ከዚያ ዝም ብለው ባቄላ ይፈለፍላሉ። እሱ ከአጥሩ ወዲህ፣ እሳቸው ከአጥሩ ወዲያ። እኔ በመስኮት እያየሁ ስንቴ አልቅሻለሁ።

የሰብሳቢው ልጅ ተመርቃ ድግስ ሲደገስ ወንድሜ እንዲሄድ ያባበሉትም አዮ ናቸው። «ከጎኔ ትቀመጣለህ፣ ትበላለህ፣ ትሄዳለህ» አሉት። እኔ ነጭ ሸሚዝ ሰፋሁለት። አንገቱን ስቆልፍለት «እትዬ፣ ሙዚቃ አለ?» አለኝ። «እኔ ሄጄ አስቀንሳለሁ» አልኩት። አስቀነስኩም። በሩን ተሻገረ። ስድስት ወር ሙሉ ያልተሻገረውን በር በነጭ ሸሚዝ ተሻገረ፤ ከኋላው እየሄድኩ ጀርባውን አያለሁ፤ ደስታዬን የት ላድርገው!

ሳህኑን ይዞ ቀይ ወጥ እያስጨለፈ ሳለ ሰብሳቢው ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወፍራም እንግዳ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሞቅ ብሎታል። «ቆይማ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ መዳፉን አነሳና የላሜራ በሩን በጥፊ አጮለው፤ በዚያ ላይ በወታደር ድምፅ «መሬት ያዝ!» ብሎ ጮኸ።

ወንድሜ ወደቀ። ወደቀ እንኳ አይባልም፤ መሬቱ ጎተተው። ሳህኑ ደረቱ ስር፣ ሁለት እጁ ማጅራቱ ላይ፣ ነጩ ሸሚዝ ወጥ በወጥ። ሰው ሳቀ። መጀመሪያ እንግዳው፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ብዙው። ሰብሳቢው «አየህ? አይስትም እኮ!» አለ።

አዮ በኦሮምኛ ልጃቸው ላይ የጮኹትን ቃል እዚህ አልጽፈውም። እኔ ወንድሜን አነሳሁ። በሩ ጋ ስንደርስ ዞር ብዬ ሰብሳቢውን አየሁት። አሥራ አምስት ዓመት ጋሼ እያልኩ በአንቱታ የጠራሁት ሰው ነው። «አንተ» አልኩት። «ይቺን አልረሳልህም።»

«ቀልድ ነው እኮ! ቀልድም አታውቂም እንዴ?» አለኝ።

እሳቸው ማለቴን ትቼ እሱ የምለው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ወንድሜ ወደ አጥሩም መሄድ ተወ። አዮ በየጠዋቱ «ኢልመ ኮ፣ እኔ ነኝ!» ይላሉ፤ መልስ የለም። ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቂሜን አጠጣዋለሁ። ምን ያላሰብኩት ነገር አለ! ብሎኬቱ በዝናብ እንዲሟሟ ተመኝቻለሁ። ሚስቱ ነገሩን እንደ ቀልድ ቆጥራ የሱሪውን መቀመጫ አጥብቢልኝ ብላ ይዛልኝ ስትመጣ፣ አሳምሬ ተኩሼ፣ የኋላውን ስፌት በአንድ ነጠላ ክር ብቻ ያዝ አድርጌ ሰጠኋት። የእድር ስብሰባ ላይ የወደቀ እስክሪብቶ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ሱሪው ለሁለት ተከፈለ። በጃኬቱ ሸፍኖ የኋሊት እየሄደ ወጣ። ቤቴ ገብቼ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ግን አልጠገብኩም። ሱሪ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ሰው ፊት ምድር እንድትጠበው ነው።

ክረምቱ ሲገባ ንፋስ የእድሩን ድንኳን ሦስት ቦታ ቀደደውና ወደ እኔ መጣ። ያን ሸራ ብቻዬን አልችለውም። ወንድሜ ክብደቱን ይዞ እያሳለፈልኝ፣ እኔ እየሰፋሁ፣ ጀመርኩ፣ እሺ፣ ጀመርኩ፣ እሺ፣ አንድ ሳምንት ፈጀን። ጨርሰን ከቋሚዎቹና ከገመዱ ጋር ጎን ባለው ክፍል አስቀመጥነው። ቅዳሜ ሊወስዱት ነበር።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። የአዮ ስም ተጠራ። ሲታመሙ ሰንብተው ነበር።

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል። «አዮ ናቸው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ከዚያ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ መብራት በራ። ሰብሳቢው የእናቱን ለቅሶ ያለ ድንኳን ሊቀመጥ ነው! በዚህ ዝናብ! ለሰፈሩ ሬሳ ሁሉ «ድንኳን ቶሎ ይተከል፣ ወንበር ቶሎ ይምጣ» እያለ ሲያዝ የኖረ ሰው፣ ከየአገሩ የመጣ ዘመድ ጣራ በሌለበት ጭቃ ላይ ሲቆምበት! በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ውርደት አላውቅም።

ያን ጊዜ አዮን አላሰብኳቸውም ብል እዋሻለሁ። አስቤያቸዋለሁ። አስቤ ነው የቆለፍኩት። የጎኑን ክፍል በትልቁ ጓጉንቸር ዘጋሁ፤ ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ስልኬን አጠፋሁ። «ማንም ቢመጣ እህቴ የለችም፣ ቁልፍም የለም በል» አልኩት። ወንድሜ አየኝ። አስተያየቱ ገብቶኛል፤ እንዳልገባኝ ሆንኩ። በታክሲ አየር ጤና፣ ከዚያ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ አስኮ፣ ቡራዩ ታላቅ እህቴ ቤት ገባሁ።

«የጎረቤት ለቅሶ ጥለሽ?» አለች እህቴ፣ ነገሩን ከነገርኳት በኋላ።

«ጥዬ።»

«ደግሞ የእኚያን አሮጊት?»

«የልጃቸውን ነው የጣልኩት።»

«ሬሳው የማን ነው ታዲያ?»

 «አንቺ ሻይ አፍይ» አልኳት። ሻዩ ሳይቀዳ ዝናቡ መጣ። የቡራዩ ዝናብ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮውን ሊበሳው ነው። መስኮቱ ጋ ቆሜ «ውረድ!» አልኩት። «ውረድ! ሰበታም እንደዚሁ ውረድ!» እህቴ አማተበች።

በማግሥቱ ከሰዓት ተመለስኩ። ከታክሲው ስወርድ የማየውን አውቀው ነበር፤ ጭቃ፣ የተጨማተረ ላስቲክ፣ በየጥጉ የቆመ ሐዘንተኛ። ማየት ናፍቆኝ ነበር። ወደ ሰፈራችን ታጥፌ ስገባ ግን ድንኳኑ ተተክሏል። የኔ ድንኳን። ሦስቱን የሰፋኋቸውን ቦታዎች ከሩቅ ለየኋቸው።

እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። በሩ ግን ከማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። አንዷም ብሎን አልጠፋችም፤ በወረቀት ተጠቅልለው መስኮቱ ላይ ተቀምጠዋል።

ነገሩን የነገሩኝ የእድሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ ኦቦ የምንላቸው፣ በበር ሲያልፉ አገኘኋቸው። «ላስቲክ ወጥረን ነበር፣ ዝናቡ ገነጠለው። ሕዝቡ እዚያው በስብሶ ቀብር ሄደ። ስንመለስ ድንኳኑ ቆሟል! አራት ሰው የሚተክለውን ወንድምሽ ብቻውን! ዙሪያውን ደግሞ ቦይ ቆፍሮለት ውሃ አንዲት ጠብታ አልገባ። ሃምሳ ዓመት በእድር ስንኖር ቦይ መቆፈር ለማናችን መጣልን?» አሉኝ። ከዚያ ረጋ ብለው «አንቺስ ልጄ፣ የት ነበርሽ?» አሉ። ጥያቄያቸውን ትቼ ወደ ድንኳኑ ገሰገስኩ።

ወንድሜን ድንኳኑ ጥግ ገመድ ሲያጠብቅ አገኘሁት። ከበሩ ወጥቷል። ሰው መሃል ቆሟል። ዓመቱን ሙሉ የለመንኩት ይኸው ነበር፤ እኔ ግን አላየሁትም። ንዴት ዓይኔን ሸፍኖት ነበር።

«ለማን ነው የተከልከው? ለዚያ ሰው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ለአዮ» አለኝ።

«እኔ ለአንተ ብዬ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ እትዬ። ለኔ አታድርጊልኝ።» ገመዱን ካስማው ላይ አዞረው። «እኛ የሞቱብንን የኛዎቹን ዝናብ ላይ ትተናቸው ነው የመጣነው። አዮ ደጃፍ ላይ ደግሞ ዝናብ ይዝነብ?»

ይህን ሰምቼ ልቤ መለስ ማለት ነበረበት። አልተመለሰም። እንዲያውም ባሰብኝ። ሰውየው ያዋረደው ልጅ በተከለለት ጣራ ስር ሳይረጥብ ለቅሶ ሊቀመጥ ነው? በቀሌን የገዛ ወንድሜ ነጠቀኝ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አላልኩትም። ይህ በእኛ ሰፈር ትልቅ ነገር ነው፤ አጥር የሚጋሩ ሰዎች ተገዳድለውም ቢሆን ለቅሶ ይደራረሳሉ። ሰው ሁሉ አየ፣ ሰው ሁሉ ተንሾካሾከ።

ሠልስት ዕለት ድንኳኑ ከመነሳቱ በፊት ሽማግሌዎች አስጠሩኝ። ሰብሳቢው ጋቢ ለብሶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ወንበሩ ላይ ኩምትር ብሏል። ወንድሜ ቋሚውን ተደግፎ ጥግ ቆሟል። ሃምሳ የሚሆን ሰው አለ። ኦቦ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል።»

«እኔ ጸሎት አልያዝኩም ኦቦ። ቂሙን ብቻ ነው የያዝኩት።»

አንዳንዱ ፈገግ አለ። ኦቦ ግን አልሳቁም። «የተበደለ ይናገራል፤ ደንቡ ነው። በድሏል፣ እሱም አምኗል። ምን ይሁንልሽ? ተናገሪ።»

የጠበቁት ይታወቃል። ይቅርታ ይበለኝ፣ ጉልበቴን ይሳም፣ ቢበዛ ድንጋይ ይሸከም እንድል ነው። እኔ ግን ቡራዩ ሳድር ሌላ ነገር ሳሰላስል ነው ያደርኩት።

«መሬት ይያዝ» አልኩ። «ወንድሜ እንደተኛ ይተኛ። ደረቱን ጭቃው ላይ፣ እጁን ማጅራቱ ላይ። ያኔ የሳቁትም እዚህ አሉ፣ ቁጭ ብለው ይዩት።»

 ኦቦ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ሐዘንተኛ ነው እኮ። እናቱን ከቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው» አሉኝ።

«እኔም ሐዘንተኛ ነኝ» አልኩ። «የኔ ሐዘን በእግሩ ስለመጣ ድንኳን የተከለልኝ የለም እንጂ።»

ወንድሜን አላየሁትም። ያን ጊዜ ቀና ብዬ አይቼው ቢሆን! ፊቱን ባነብ ኖሮ አፌን እዘጋ ነበር። ግን እኔ የማየው ሰብሳቢውን ብቻ ነው።  ሰብሳቢው ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። «ልክ ናት» አለ። ተንበረከከ። መዳፉ ጭቃው ውስጥ ሲሰጥም አየሁ። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ፣ ውስጤ እልል አለ። ሰውየው ወፍራም ነው፤ ዝቅ ሲል ሚዛኑን ሳተና በደረቱ ዘፍ አለ፣ በእግሩ የነካው አግዳሚ ወንበር ተገልብጦ መሬቱን ጓ! አደረገው።

ከጥጉ አንድ ነገር በረረ። ወንድሜ ነው። ሰብሳቢው ላይ ሙሉ በሙሉ ወደቀበት። ሊመታው መስሎኝ ነበር። አልመታውም። በላዩ ተዘርግቶ ጭንቅላቱን በሁለት ክንዱ ከለለው። «ራስ ዝቅ!» እያለ ይጮኻል። «ራስህን ዝቅ አድርግ! እግርህን ሰብስብ! አለሁ፣ አለሁ፣ እኔ አለሁ!» ስም ይጠራል፤ የሰብሳቢውን ስም አይደለም፤ ሰምቼው የማላውቀውን የአንድ ልጅ ስም ነው።

ማንም አልሳቀም። ወንዶቹ ሊያነሱት እጃቸውን ሲዘረጉ የባሰ ጨመደደው። «አትንኩት!» አልኩ። አጠገቡ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። የማውቃት አንዲት ዘዴ ብቻ ናት። «እኔ ነኝ» አልኩት። «እጄን ትከሻህ ላይ ላደርግ ነው። አደረግኩ። አሁን ክንድህን ልይዝ ነው። ያዝኩ።» እየደጋገምኩ፣ እየደጋገምኩ። ብዙ ቆይቶ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ «እሺ» አለኝ።

አቅፌው ስንወጣ ሰብሳቢው ጭቃው ላይ ተቀምጦ ቀርቶ ነበር። የሚያወራው ለማንም አልነበረም። «ልቡ ጀርባዬን ይመታኝ ነበር» ይላል። «ልቡ… እንደ መዶሻ… ጀርባዬን ይመታኝ ነበር።»

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ከክፍሉ አልወጣም። የመጀመሪያውን ያደረገው ሰውየው ነው። ይሄኛውን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሲቀርበኝ «ምን ታደርጊ፣ ተበድለሽ ነው» አለኝ። መበደሌን አውቃለሁ። ግን ከበሩ ወጥቶ፣ በራሱ እጅ ጣራ ተክሎ፣ ሰው መሃል የቆመን ልጅ መልሼ መሬት ያስያዝኩት እኔው ነኝ። ለበቀሌ የመረጥኩት ቦታ የእሱ ቁስል ነበር። ሌላ ቦታ ጠፍቶ!

በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ ከውጭ ድምፅ ሰማሁ። «በሩን ላንኳኳ ነው» ይላል። ቆይቶ ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ሰብሳቢው ነው። ግባ አላልኩትም። እሱም ልግባ አላለም። በመስኮቱ በኩል ለወንድሜ «የእድር ድንኳን የሚተክሉት ልጆች ቦይ መቆፈር አያውቁም። ነገ ዓለም ገና መሄጃው ላይ ለቅሶ አለ። ብታሳያቸው» አለው።  ወንድሜ በማግሥቱ አካፋውን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ለቅሶ ሲሆን ይወጣል፤ ተክሎ፣ ቆፍሮ፣ ተመልሶ ይገባል። ለሌላ ነገር አይወጣም። ዳነ አልላችሁም። ጫማውን ዛሬም አያወልቅም።

የሰብሳቢው የላሜራ በር አመሻሹ ላይ ሲዘጋ ሰፈሩን የሚያንቀጠቅጥ ነበር። አሁን ጠርዙ ላይ የጎማ ቁራጭ ቸንክሮበታል። ያም ሆኖ በየማታው፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ሰውየው በሩን ከመግፋቱ በፊት አጥሩ ጋ መጥቶ፣ እናቱ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «በር ልዘጋ ነው!» ይላል።

ወንድሜ ከውስጥ «ዝጋ» ይለዋል።

እኔ ሰላምታውን እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም። ይቅርታ አድርጊለት የሚሉኝ አሉ፤ ኦቦም በየሳምንቱ ይሉኛል። አዮን ግን መቃብራቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እሱን… እንጃ። ሥራዬን አቁሜ ያቺን ሰዓት እጠብቃታለሁ። እንግዳ ቢኖርበትም ባይኖርበትም፣ ዝናብ ቢሆንም፣ ቢደክመውም፣ ያ ማይክሮፎን ይዞ የጮኸ ሰው፣ ያ በሩን በጥፊ ያጮለ ሰው፣ ወንድሜን ሳያስፈቅድ የገዛ በሩን መዝጋት አይችልም። በሕይወቱ ሙሉ፣ በየማታው። «በር ልዘጋ ነው!» ሲል እሰማዋለሁ፣ ወንድሜ «ዝጋ» እስኪል ድረስ ሲጠብቅም አየዋለሁ።

ከዚያ እግሬን ወደ ፔዳሉ እወስድና «ጀመርኩ» እላለሁ።